ራስን መጠየቅ፦ የሥራና የሕይወት መንገድ ስለ መፈለግ

ከደሴ ብዙም የማትርቀው ቦሩ ሜዳ በታሪክ የምትታወሰው በጥያቄና በመልስ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት ሊቃውንቱ ስለ ክርስቶስ ልደትና ቅባት ተከራከሩ፤ ክርክሩም በአዋጅ ተቋጨ። የወሎ መኳንንትም ክርስትናን እንዲቀበሉ ታዘዙ፤ ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው የተጠመቁት ያን ጊዜ ነው። ተራውን ገበሬ ግን «አንተስ በልብህ ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ከዚህ ጉባኤ አስቀድሞ አንድ የጎጃም መነኩሴ ያለ አዛዥ ራሳቸውን ጠይቀው ነበር። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል (እ.ኤ.አ. 1791–1855) በመርጡለ ማርያም ሳሉ የምንኩስና ሕይወት ስለ ምን እንደ ደከመ መመርመር ጀመሩ፤ ከገዳም ወደ ገዳም እየዞሩም መጻሕፍት አገላበጡ። እ.ኤ.አ. በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከሄዱት መልእክተኞች ጋር ተጉዘው፣ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር እስከ ሮም ደረሱ። የካቶሊክ እምነትን የተቀበሉት ግን በ1844 ነው። እነዚያን ሦስት ዓመታት ልብ እንበል፤ እኛ ሦስት ቀን እንኳ መታገሥ ይከብደናል። ከዚያ በኋላ ትምህርተ ክርስቶስን በማዘጋጀትና ተማሪዎችን በማስተማር ተጠመዱ፤ የሕይወታቸውን ሥራ ያገኙት ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው።

እንዴት እንጠይቅ? ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ እ.ኤ.አ. በ1521 በጦር ሜዳ እግሩ ተሰብሮ በተኛበት ወራት አንድ ነገር አስተዋለ። ስለ ሹመትና ስለ ዝና ሲያልም ለጊዜው ደስ ይለዋል፤ ሕልሙ ሲያልፍ ግን ልቡ ይደርቃል። የቅዱሳንን ኑሮ ሲያስብ ግን ደስታው ከሐሳቡ በኋላም አይለየውም። ስለዚህ «ምን ያስደስተኛል?» ማለት አይበቃም፤ ካለፈ በኋላ ምን እንደ ቀረ መመልከት ያስፈልጋል።

በኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ ወጣት ማታ ጋደም ብሎ «ዕድሌ ለምን እንዲህ ሆነ?» ቢል ያማርራል እንጂ አይጠይቅም፤ መልስ የለውምና። ይልቁንስ ዛሬ የትኛውን ሥራ ሰዓቱን ሳላይ ሠራሁ? የትኛውን ሸሸሁ? ከድካም ነው ከፍርሃት? በእኔ ሥራ ማን ተጠቀመ? ይበል። ለእነዚህ መልስ የሚገኘው በዕለቱ ውሎ ውስጥ ነው። የአንድ ቀን መልስ ብዙ አይናገርም፤ በደብተር ተጽፎ ወር ሁለት ወር ሲቆይ ግን ተደጋግሞ የሚመጣው ነገር ይታያል። ሥራውን መልቀቅ ሳይሆን በዚያው ሥራ ላይ የማታ ትምህርት መጨመር ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም የተጣላውን ባልደረባ ማነጋገር ብቻ።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ወጣቶች «ምን ልሁን?» ብለው ሲመጡ መልሱን አትቸኩሉላቸው። ጥያቄዎቹን ሰጥታችሁ አሰናብቷቸው፤ ደብተራቸውንም አትሰብስቡ። ሰው እንደሚያነብበት ካወቀ ለመምህሩ እንጂ ለራሱ አይጽፍም።