የመኪና ፍሪጅ በደንብ የማይቀዘቅዘው ለምንድን ነው?

ከሐኪም ጋር ሆነው ክትባት ይዘው ወደ ሞያሌም ሆነ ወደ ቶጎ ውጫሌ ከሚወርዱ ነጋዴዎች ደጋግሜ የምሰማው አቤቱታ «ፍሪጁ ይሠራል፣ ግን አይቀዘቅዝም» የሚል ነው።

መጀመሪያ የያዙት ፍሪጅ ምን ዓይነት እንደሆነ ይወቁ። ኮምፕረሰር የሌለውና የማራገቢያ ድምፅ ብቻ የሚሰማበት ርካሹ ሣጥን ከውጭው ሙቀት 20 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ቢያደርግ ነው። ውጭው 40 ከሆነ ውስጡ 20 ይሆናል። ለመጠጥ ውሃ ይበቃል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ለሚፈልግ ክትባት ግን አይሆንም። በጋዝ የሚሠራው ደግሞ መኪናው ሲያዘነብል ማቀዝቀዙን ስለሚቀንስ ለእኛ መንገድ አይመችም። የሚያዋጣው ባለ ኮምፕረሰሩ ነው።

እሱም ቢሆን ሲያስቸግር፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሽቦው ነው። ፍሪጁ በ12 ቮልት 5 አምፔር ይስባል እንበል። ከባትሪው 5 ሜትር ቢርቅ፣ ሽቦው ደርሶ መልስ 10 ሜትር ነው። ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በዚህ ርቀት 0.6 ቮልት ገደማ ይበላል፤ ባለ 6ቱ ግን 0.15 ብቻ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ኬላ ላይ ሞተር ጠፍቶ ባትሪው 12.2 ላይ ሲቆም በቀጭኑ ሽቦ ለፍሪጁ የሚደርሰው 11.6 ነው፤ የባትሪ መጠበቂያው ከፍ ብሎ ከተስተካከለ ያጠፋዋል። ስለዚህ የሲጋራ መለኮሻውን ትተው ከባትሪው በቀጥታ ወፍራም ሽቦ ያስዘርጉ፤ ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ይሁን። የጭነት መኪናዎ 24 ቮልት ከሆነ ፍሪጁ እንደሚቀበል ጽሑፉን ሳያዩ አይሰኩ።

ቀጥሎ አየር ነው። ፍሪጁ ከውስጥ ያወጣውን ሙቀት በጎኑ ይተፋል። እዚያ ላይ ገመድና ብርድ ልብስ ከተከመረበት ያንኑ ሙቀት መልሶ ይስባል። መተንፈሻውን ክፍት ይተዉ፤ ከፀሐይም ያርቁት። ከመነሳትዎ በፊት ማታውን ቤት ውስጥ ሰክተው ያሳድሩት፤ ባዶ ቦታውን በቀዘቀዘ የውሃ ጠርሙስ ይሙሉት። ለብ ያለ መጠጥ ከክትባት ጋር መጨመር፣ እንግዲህ፣ የታወቀ የረዳት ጥፋት ነው።

እኔ ራሴ የተማርኩት ከሌላኛው ወገን ነው። «ይቀዝቅዝልኝ» ብዬ መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ስክሪኑ 4 እያለ ከግድግዳው የተጠጋው የአፍተግር ክትባት በረዶ ሆኖ አገኘሁት። የአፍተግር ክትባት አንዴ ከረጋ፣ ቢቀልጥና ደህና ቢመስልም አይሠራም። በዱቄት መልክ የሚመጣው የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ክትባት ቅዝቃዜን ይችላል፤ የሚገድለው ሙቀት ነው፣ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ ይብሳል።

የጠርሙሱ ዋጋ ቀላሉ ኪሳራ ነው። በሞተ ክትባት የተወጋ መንጋ ወረቀቱ የተሟላ ነው፤ ገዢም ሐኪምም የተጠበቀ ይመስለዋል። በሽታው ኳራንታይን ውስጥ ሲወጣ የየቀኑ መኖ፣ የእረኛ ደመወዝና ያመለጠው መርከብ ሒሳብ የሚመጣው በባለ መንጋው ላይ ነው።

ስለዚህ የስክሪኑን ቁጥር አይመኑ። ሌላ ቴርሞሜትር በጠርሙሶቹ መሀል ያስቀምጡ፤ ጠዋትና ማታ አንብበው ይጻፉ። ጠርሙሶቹንም ከግድግዳው በካርቶን ይለዩ።