ማዘጋጃ ቤት ሲያረጅ

የመንግሥት ሕንፃ ሲያረጅ ይታደስ ወይስ በአዲስ ይተካ? የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት ወላጆች ያውቁታል። ከቸርችል ጎዳና በላይ ፒያሳ ላይ የቆመው ይህ ሕንፃ በጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ በ1950ዎቹ የተሠራ ነው። ሲያረጅ አልፈረሰም፤ የውጭ መልኩ ተጠብቆ ውስጡ ታደሰ። እዚህ ካርቱም ደግሞ ሌላ መንገድ ተመርጧል፤ ዓባይ ዳር ያለው አሮጌው ቤተ መንግሥት ሳይፈርስ፣ በቻይና እርዳታ ከጎኑ አዲስ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ተመረቀ። ቦታ ላለው ይህ ይሻላል፤ ሥራ አይቋረጥም።

የእሳት አደጋ ጣቢያ ግን ከቢሮ ይለያል። ቢሮ አንድ ሳምንት ቢዘጋ ባለጉዳይ ያማርራል፤ ጣቢያው አንድ ሌሊት ቢዘጋ ቤት ይነዳል። ስለዚህ አሮጌው የሚለቀቀው አዲሱ ተጠናቆ፣ ውሃው ተሞክሮ፣ መኪናው ወጥቶ ከገባ በኋላ ነው። መሬቱ ስለረከሰ ብቻም ከከተማ ጫፍ አይሠራም። በክረምት የሐጅ ዩሱፍን ጭቃ የረገጠ ሰው ምክንያቱን አያጣውም።

በሰው አገር ላለን ለእኛ ከሁሉ የሚያሳስበን መዝገቡ ነው። የልደት ወይም የጋብቻ ማስረጃ ከአገር ቤት ሲፈለግ፣ ፋይሉ ዕቃ ሲጓዝ ጠፍቶ ከሆነ ለማን አቤት ይባላል? መዝገቦቹን ቆጥሮ፣ ገልብጦና አሽጎ ማዛወሪያው ገንዘብ በሕንፃው በጀት ውስጥ ከቀለምና ከወንበር በፊት መግባት አለበት እንላለን። ልጆች፣ አገር ቤት ስትሄዱ ወላጆቻችሁ የተመዘገቡበትን ቀበሌ ጎብኙ፤ መዝገቡ የት እንደሚቀመጥም ጠይቁ።