ኮምፒውተርህን ላጽዳልህ ስለሚል እንግዳ

ልጄ፣ የራስህን ላፕቶፕ በያዝክ ማግሥት ሳልነግርህ ማለፍ የማልፈልገው ነገር አለ። ፊልም ልታወርድ ወይም የቆየ የፈተና ወረቀት ልትፈልግ ገብተህ ሳለ ስክሪኑን የሚሞላ ቀይ መስኮት ድንገት ብቅ ይላል። «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል፤ አሁኑኑ ካላጸዱ ፋይሎችዎ ይጠፋሉ» ይልሃል፤ ከሥሩም «አጽዳ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ አለ። ጥገና ላይ በኖርኩበት ዘመን ወደ እኔ ከመጡት የታመሙ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ የታመሙት ይህ ቁልፍ ከተጫነ በኋላ ነው። ስለዚህ ከመጫንህ በፊት የሚከተሉትን ልብ በል።

1. የሚናገርህ ማን እንደሆነ ለይ። ብሮውዘር ውስጥ የተከፈተ ድረ ገጽ ሃርድ ዲስክህን ፈትሾ ቫይረስ ሊያገኝ አይችልም። ብሮውዘሮች የተሠሩት አንተ ራስህ መርጠህ ካልሰጠሃቸው በቀር ገጾች ፋይሎችህን እንዳያዩ ሆነው ነው። እዚያ ላይ የሚሮጠው መስመርና የሚያልፉት የፋይል ስሞች ቀድሞ የተዘጋጀ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ናቸው። ከአጥርህ ውጭ የቆመ እንግዳ «ጓዳህ ውስጥ እባብ አለ» ቢልህ፣ መጀመሪያ የምትጠይቀው በየት በኩል አየኸው ብለህ ነው። ገጹ ያለህበትን ከተማ፣ የምትጠቀምበትን የኢንተርኔት ድርጅት ወይም ዊንዶውስ መጠቀምህን ቢጠራም አትደንግጥ፤ ይህን ያህል ማንኛውም ድረ ገጽ ስትከፍተው ያውቃል።

2. የሚያጣድፍህን አትስማ። ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት፣ የሚጮህ ድምፅ፣ «ኮምፒውተሩን እንዳያጠፉ» የሚል ትእዛዝ፣ በተለይም ስልክ ቁጥር ካየህ ነገሩ ማጭበርበር ነው። ማይክሮሶፍት በስህተትና በማስጠንቀቂያ መልእክቶቹ ላይ ስልክ ቁጥር እንደማያወጣ ራሱ አሳውቋል። ቁጥሩ ላይ ስትደውል የሚያነሳው ሰው እንደ ኤኒዴስክ ያለ ኮምፒውተርን ከሩቅ የሚቆጣጠር ፕሮግራም ያስጭንሃል፤ ከዚያ አንተ እያየህ የባንክ ሒሳብህ ውስጥ ይገባል፣ ወይም ሱቅ ሄደህ የስጦታ ካርድ ገዝተህ ቁጥሩን እንድታነብለት ይጠይቅሃል። በስጦታ ካርድ ክፍያ የሚቀበል እውነተኛ ጥገና ድርጅት የለም።

3. በነጻ መርምሮ በገንዘብ የሚፈውሰውን ጠርጥር። ከምነግርህ ሁሉ ይህንን አጥብቀህ ያዝ። ምርመራውን የሚሠራውም መድኃኒቱን የሚሸጠውም አንድ ሰው ሲሆን፣ «ጤነኛ ነህ» ብሎ ቢያሰናብትህ አንድ ሳንቲም አያገኝም። ይህ ግምት እንዳይመስልህ በአሜሪካ የታየ ጉዳይ ልንገርህ። ኦፊስ ዲፖ ስሙ የታወቀ ትልቅ የቢሮ ዕቃ መደብር ነው። ደንበኞች ኮምፒውተራቸውን ይዘው ሲመጡ ሠራተኞቹ የጤና ምርመራ የሚባል ፕሮግራም ይከፍቱ ነበር። ፕሮግራሙ ሲጀምር አራት ጥያቄዎች ይጠይቃል፦ ኮምፒውተሩ ይዘገያል ወይ፣ የቫይረስ ማስጠንቀቂያ አሳይቷል ወይ፣ ቶሎ ቶሎ ይቆማል ወይ፣ ብቅ የሚሉ ማስታወቂያዎች አሉ ወይ። ከአራቱ ለአንዱ «አዎ» ከተባለ፣ ፍተሻው ምንም አገኘ ምንም፣ ውጤቱ የቫይረስ ምልክት አለ የሚል ነበር። ቀጥሎ በመቶ በሚቆጠር ዶላር ጥገና ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የሲያትሉ ኪሮ 7 ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ከካርቶን የወጡ አዳዲስ ኮምፒውተሮችን ይዘው ሲሄዱ ለአንዳንዶቹ የቫይረስ ምልክት አለ ተባሉ። በ2019 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በዚህ የተነሳ ያቀረበውን ክስ ሲቋጭ ኦፊስ ዲፖ 25 ሚሊዮን፣ ፕሮግራሙን ያቀረበው ሰፖርት ዶት ኮም ደግሞ 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ።

ብቅ በሚለው መስኮት በኩል የሚመጣውም ሥራው ያው ነው። ሬስቶሮ እና ሪኢሜጅ የተባሉ ሁለት የቆጵሮስ ድርጅቶች የዊንዶውስን መልክ በተላበሱ ማስጠንቀቂያዎች ሰውን ወደ ነጻ ስካን ይወስዱ ነበር። ስካኑ ሁልጊዜ ችግር ያገኛል፤ ማስተካከያው ከ27 እስከ 58 ዶላር ነው። ከፍለህ ስታበቃ ፕሮግራሙን ለማስጀመር ደውል ትባላለህ፤ ስልኩን ያነሳው ሻጭ ደግሞ ዋጋው እስከ 500 ዶላር የሚጠጋ ጥገና ይጨምርልሃል። የኮሚሽኑ መርማሪዎች ደንበኛ መስለው ገዝተው የደረሱበት ይህንን ነው። በ2024 ድርጅቶቹ 26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ፤ በቀጣዩ ዓመት ገንዘቡ ከ700 ሺህ ለሚበልጡ ሰዎች ተመለሰ። ይህን ያህል ሕዝብ ሞኝ ስለሆነ አይደለም የተታለለው። ፍርሃትና ችኮላ አንድ ላይ ሲመጡ ማንም ሰው ይጫናል።

ማይክሮሶፍትም ነገሩ ስላስመረረው ከማርች 1 ቀን 2018 ጀምሮ እያስፈራሩ የሚያስከፍሉ የጽዳት ፕሮግራሞችን እንደማይፈለግ ሶፍትዌር ቆጥሮ ማስወገድ ጀምሯል።

4. መስኮቱን ስትዘጋ በራሱ ቁልፎች አትዝጋ። «አይ፣ አልፈልግም» የሚለውም፣ ጥግ ላይ የተሣለው «ኤክስ»ም የገጹ አካል ሊሆን ይችላል። መስኮቱ ስክሪኑን ከሞላው የኤስኬፕን ቁልፍ ተጭነህ ያዝ፤ ከዚያ አልትን ይዘህ ኤፍ 4ን ተጫን። እምቢ ካለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭነህ ከታስክ ማኔጀር ብሮውዘሩን ዝጋው። እንደገና ስትከፍተው የነበሩትን ገጾች ልመልስልህ ቢልህ እሺ አትበል።

5. በቀኝ በኩል ከታች እየደጋገመ የሚመጣውን ትንሽ ማስጠንቀቂያ ቫይረስ ነው ብለህ ኮምፒውተሩን ፎርማት ለማድረግ አትሩጥ። ብዙ ጊዜ አንድ ገጽ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ ፍቀድን ይጫኑ» ሲልህ የፈቀድከው የብሮውዘር ማሳወቂያ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ኖቲፊኬሽን የሚለውን ፈልግና የማታውቀውን ገጽ ሁሉ ከዝርዝሩ አውጣ። ስልክም ላይ እንዲሁ ነው።

6. የሚያስፈልግህ በእጅህ አለ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ፣ አንቲቫይረሱ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ይመጣል። ከጠረጠርክ ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ራስህ ከስታርት ሜኑ ከፍተህ ሙሉ ስካን አስደርግ። ቦታ ለማስለቀቅ ዲስክ ክሊንአፕና ስቶሬጅ ሴንስ አሉ። «ሬጅስትሪህን ላጽዳ» የሚልህን ፕሮግራም ግን አታስጠጋ፤ ማይክሮሶፍት እንዲህ ያሉትን አይደግፍም፤ በስህተት የነካኩት ሬጅስትሪ ዊንዶውስህን እንዳይነሳ ሊያደርገው ይችላል። ኮምፒውተርህ ከዘገየ ምክንያቱን ብዙ ጊዜ ራም ማነስ፣ ያረጀ ሃርድ ዲስክ ወይም ሲከፈት አብሮ የሚነሳ የፕሮግራም ብዛት ሆኖ ታገኘዋለህ። ለጽዳት ፕሮግራም የምታወጣውን ገንዘብ አጠራቅመህ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ አስገባበት፤ ልዩነቱን በዚያው ቀን ታየዋለህ።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ነገር ሳልናገር አላልፍም። ፍላሽህን ጽሕፈት ቤት ሰጥተህ መልሰህ ስትቀበል ፎልደሮችህ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ያገኘህበት ቀን አለ፤ ስለዚህ ቀዩ መስኮት «ቫይረስ አለብህ» ሲልህ ለማመን ቅርብ ነህ። የፍላሹ ቫይረስ እውነተኛ ነው፤ ፋይሎችህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም፤ ስለዚህ ፍላሹን ፎርማት ሳታደርግ ለሚያውቅ ሰው አሳይ። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ለመጫን አንቲቫይረሱን አጥፋ የሚልህን መመሪያም አትከተል። በሩን በራስህ እጅ ከከፈትክ በኋላ የሚገባውን አትመርጥም። ዓለም አቀፍ ካርድ ስለሌለኝ አልበላም ብለህም አትጽናና፤ ያወረድከው ፋይል ራሱ የኢሜይልህንና የቴሌግራምህን መግቢያ ሊሰርቅ ይችላል።

7. የግድ አንድ ፕሮግራም ማውረድ ካለብህ አንተ ፈልገህ ሂድ እንጂ እሱ ፈልጎህ ሲመጣ አትቀበል። የሠሪውን አድራሻ ራስህ ጻፍ። የወረደውን ፋይል ከመክፈትህ በፊት ቫይረስቶታል የተባለ ድረ ገጽ ላይ ጫነው፤ በብዙ አንቲቫይረሶች በአንድ ጊዜ ይፈትሽልሃል። የግል ሰነድ ግን እዚያ አትጫን፤ ሌሎች ሊያዩት ይችላሉ። ንጹሕ ነው ቢልህም ሙሉ ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲክሊነር የተባለው ዝነኛ የጽዳት ፕሮግራም ራሱ ተሰብሮ፣ በሠሪው ድረ ገጽ ላይ የነበረው ቅጂ ሰላይ ኮድ ይዞ ወደ 2.27 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ገብቶ ነበር። እኔ ከዚህ የምወስደው የማያስፈልግህን ፕሮግራም፣ ጥሩም ቢሆን፣ አለመጫን ይሻላል የሚለውን ነው።

8. «አጽዳ» የሚለውን ቁልፍ ተጭነህ ከሆነ አትፈር። መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ቁረጥ። የጫንከውን ፕሮግራም አውጣ፣ ሙሉ ስካን አስደርግ። የይለፍ ቃሎችህን ከሌላ ንጹሕ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ቀይር፤ ከኢሜይልህ ጀምር፣ ሌላው ሁሉ በእሱ በኩል ይከፈታልና። የካርድ ቁጥር ከሰጠህ ወይም ሰው ከሩቅ ወደ ኮምፒውተርህ ከገባ በዚያው ሰዓት ለባንክህ ደውለህ አሳግድ። ለቤተሰብህም ንገር፤ አንድ ጊዜ የከፈለውን ሰው «ገንዘብህን እናስመልስልህ» እያሉ እንደገና ይደውሉለታል።

እናትህና አክስትህ ይህን የሚነግራቸው ሰው የላቸውም። ቅዳሜ ወደ እነሱ ስትሄድ ስልካቸውን ተቀበልና የፈቀዱትን ማሳወቂያ አንድ በአንድ አጥፋላቸው፤ ቀይ መስኮት ሲያዩም ምንም ሳይነኩ መጀመሪያ ለአንተ እንዲደውሉ ንገራቸው።