የአጥንት ጥንካሬ፦ በእፍጋት ወይስ በመዋቅር?

አጥንት በተለምዶ ሕይወት አልባ ምሰሶ ተደርጎ ይታያል። በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ግን ደም የሚዘዋወርበትና ዘወትር የሚፈርስና የሚገነባ ኅብረ ሕዋስ ሆኖ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ የማዕድን እፍጋት ልኬት ብቻውን የአጥንትን ጥንካሬ ለመዳኘት የማይበቃው ለምን እንደሆነ ከጥቃቅን መዋቅሩ በመነሣት ያብራራል።

አጥንት የሁለት ባሕርያት ጥምረት ነው። የኮላጅን ክሮች ተጣጣፊነትን፣ በክሮቹ ላይና መካከል የሚሰፍሩት የካልሲየምና የፎስፌት ክሪስታሎች ደግሞ ግትርነትን ይሰጡታል። ማዕድኑ በአሲድ ቢወገድ አጥንቱ እንደ ጎማ ይታጠፋል፤ ኮላጅኑ በእሳት ቢቃጠል ደግሞ በቀላሉ ይሰባበራል።

በድፍን አጥንት ውስጥ፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ክሎፕተን ሃቨርስ እ.ኤ.አ. በ1691 በገለጿቸው ቦዮች ዙሪያ ከ3 እስከ 7 ማይክሮሜትር ውፍረት ያላቸው ንጣፎች ተደራርበው፣ 200 ማይክሮሜትር ገደማ ስፋት ያለውን ኦስቲዮን ይሠራሉ። የኮላጅኑ አቅጣጫ ከንጣፍ ወደ ንጣፍ ስለሚለያይ ስንጥቅ በቀጥታ እንዳይዘልቅ ይገታል። በንጣፎቹ መካከል የሚኖሩት ኦስቲዮሳይቶች በቀጫጭን ቦዮች ተያይዘው በአጥንቱ ላይ የሚያርፈውን ጫና ይለያሉ።

ስፖንጅ መሰሉ አጥንት ደግሞ እርስ በርስ የተያያዙ ቀጫጭን ዘንጎች መረብ ነው። ኦስቲዮክላስቶች በሳምንታት ያፈረሱትን ኦስቲዮብላስቶች በወራት ይተካሉ፤ ሆኖም የሚገነቡት በነባር ገጽ ላይ በመሆኑ ፈጽሞ የተቆረጠ ዘንግ በአብዛኛው አይመለስም። ስለዚህ እኩል እፍጋት ያላቸው ሁለት አጥንቶች እኩል ላይጠነክሩ ይችላሉ።

ለዚህ ፍሎራይድ አብነት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ በታተመ ክሊኒካዊ ሙከራ፣ ሶዲየም ፍሎራይድ የአጥንት መሳሳት ያለባቸውን ሴቶች የወገብ አከርካሪ እፍጋት በ35 በመቶ ቢጨምርም የአከርካሪ ስብራትን ጉልህ በሆነ መጠን አልቀነሰም፤ በሌሎች አጥንቶች ላይ የደረሰው ስብራት ግን በርክቷል። ጉዳዩ ለአገራችን ሩቅ አይደለም፤ በስምጥ ሸለቆ በርካታ ጉድጓዶች ያለው የፍሎራይድ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ወሰን በላይ ነው። ውሃውን ለዓመታት የጠጣ ሰው አጥንት በኤክስሬይ ሲታይ ከመደበኛው የበለጠ የጠጠረ ሊመስል ይችላል፤ መጠጠሩ ግን የጤንነቱ ምስክር አይደለም።

በመሆኑም በእንዲህ ያለ አካባቢ የአጥንት ጤናን የሚያጠና ተመራማሪ «ማዕድኑ ምን ያህል ነው?» ከሚለው ጥያቄ ጎን ለጎን «እንዴት ተደራጅቷል?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል።