ስለ ሰሙት ሙዚቃ የግል ስሜትን በጽሑፍ መግለጽ

ባለፈው ትምህርት አንድን ነገር በዓይን እንደሚታይ አድርጎ የሚያቀርብ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ ተመልክታችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ ጸሐፊው ስለ አንድ ነገር የተሰማውን የሚገልጽበትን የድርሰት ዓይነት ታጠናላችሁ። ለምሳሌነት የቀረበው አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ስለ አንድ የቆየ የሮክ አልበም የጻፈው ነው። አልበሙ ፒንክ ፍሎይድ የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ጓድ የሠራው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ሲሆን፣ ስሙም «የጨረቃ ጨለማ ገጽ» እንደ ማለት ነው።

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት ስለ አልበሙ ጥቂት ብታውቁ ይጠቅማችኋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ሮጀር ዋተርስ፣ ዴቪድ ጊልሞር፣ ሪቻርድ ራይትና ኒክ ሜሰን አልበሙን ለንደን በሚገኘው በአቢ ሮድ ስቱዲዮ ቀድተው በማርች 1973 ለገበያ አቀረቡት። በአልበሙ ውስጥ ከዘፈኑ ጋር የተቀነባበሩ ልዩ ልዩ ድምፆች አሉ። የሰዓቶቹን ደወል የድምፅ መሐንዲሱ አለን ፓርሰንስ አሮጌ ሰዓት ከሚሸጥበት ሱቅ ሄዶ የቀዳው ነው። የገንዘቡ ድምፅ ግን የበለጠ አድካሚ ነበር፤ የሳንቲም ኳኳታ፣ የወረቀት መቀደድና የሒሳብ መቀበያ መኪና ድምፅ በቴፕ ከተቀዳ በኋላ፣ ቴፑ በማስመሪያ እየተለካ በእኩል መጠን ተቆረጠ፤ ቁርጥራጩም ጫፍ ለጫፍ ተጣብቆ እንደ ቀለበት እንዲዞር ተደረገ። ዛሬ በኮምፒዩተር የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ምንባብ

ከአጎቴ አልጋ ሥር በተቀመጠ ካርቶን ውስጥ ጥቁር ሽፋን ያለው ሸክላ አገኘሁ። በሽፋኑ ፊት ላይ የጓዱ ስም የለም፤ አንድ ቀጭን የብርሃን መሥመር ባለ ሦስት ማዕዘን መስተዋት ውስጥ ገብቶ በማዶው ልዩ ልዩ ቀለም ሆኖ ሲወጣ ብቻ ይታያል። ማጫወቻው ከተበላሸ ብዙ ዘመን ስለ ሆነው አልበሙን በስልኬ ፈልጌ ከፈትሁት።

መጀመሪያ የሰማሁት የልብ ትርታ ነው። ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ድምፁን ከፍ አደረግሁ። ጥቂት ቆይቶ መሣሪያ ብቻ እንደሚሮጥ ሆኖ የሚሰማበት ክፍል መጣ፤ አሰለቸኝ። ዛሬም ያሰለቸኛል። ከዚያ ቀጥሎ የብዙ ሰዓቶች ደወል ባንድነት ሲጮኽ ከመቀመጫዬ ዘለልሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት ሴት ያለ አንዳች ቃል ታዜም ጀመር። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለ ሆነ ከሌሎቹ ዘፈኖች ግማሹ አምልጦኝ ነበር። እዚህ ላይ ግን የሚያመልጠኝ ቃል አልነበረም። አያቴ በተቀበረች ቀን እናቴ ቃል ጠፍቷት ያሰማችውን ድምፅ አስታወሰኝና ስልኩን ዘጋሁት።

በማግሥቱ አጎቴም እንዲሰሙት ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አኖርሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። የሴቲቱ ድምፅ እየሳሳ ሄዶ ሲያልቅ ብድግ ብለው ወደ ጠረጴዛው ሄዱ።

«ጋሼ፣ ምን ፈለጉ?» አልኋቸው።

«ሸክላውን ልገለብጥ ነበር» አሉ እየሣቁ።

ለካ የሸክላው የመጀመሪያ ገጽ የሚያበቃው እዚያ ላይ ኖሯል። እርሳቸው ገና ቆመው ሳለ የሳንቲሙ ኳኳታ ከስልኬ መጣ። በእርሳቸው ጊዜ በዚህ ቦታ ላይ ዝምታ ነበረ፤ እኔ ያን ዝምታ አልሰማሁትም። የሰማሁት አልበም የእርሳቸው አልበም ነው ለማለት እጠራጠራለሁ።

ማብራሪያ

ይህ ጽሑፍ ተማሪው ለሁለተኛ ጊዜ የጻፈው ነው። በመጀመሪያው ላይ አልበሙ በዓለም ላይ ከተሠሩት ሁሉ የሚበልጥ መሆኑንና ከ1973 እስከ 1988 ባሉት ዓመታት 741 ሳምንታት በአሜሪካ የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ መስፈሩን ገልጾ ነበር። መምህሩ በኅዳጉ ላይ «ይህን የሰማው ማን ነው?» ብለው ጻፉበት። ቍጥሩ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን የሚናገረው ሌሎች ሰዎች ስላደረጉት እንጂ ስለ ጸሐፊው አይደለም። በሁለተኛው ጽሑፍ «አሰለቸኝ» የሚለውን ቃል ስናገኝ ጸሐፊው በእውነት እንዳዳመጠ እናምነዋለን፤ ከዚያም በኋላ ስለ እናቱ የሚነግረንን ሳንጠራጠር እንቀበለዋለን።

አሁን ግሶቹን ተመልከቱ። «ሰማሁ» በሚለው ግስ ባለቤቱ «እኔ» ነው። «አሰለቸኝ»፣ «አስደነገጠኝ»፣ «ደነቀኝ» በሚሉት ግን ባለቤቱ ስሜቱን ያሳደረው ነገር ሲሆን፣ «-ኝ» ስሜቱ ያደረበትን ሰው የምታመለክት ተሳቢ ናት። ስለዚህ «እኔ በሙዚቃው አሰለቸኝ» ማለት ስሕተት ነው፤ «ሙዚቃው አሰለቸኝ» ወይም «እኔ በሙዚቃው ተሰላቸሁ» ማለት ይገባል። ግሱም ከባለቤቱ ጋር በቍጥርና በጾታ ይስማማል፤ «ደወሎቹ አስደነገጡኝ» እንላለን።

ይህ ስምምነት አንዳንድ ጊዜ ትርጕሙን ፈጽሞ ይለውጠዋል። «የዘፋኟ ድምፅ አሳዘነኝ» ሲባል ያዘነው በዜማው ምክንያት ነው። «ዘፋኟ አሳዘነችኝ» ሲባል ግን ስለ ሴትዮዋ መናገራችን ነው። እንዲህ ለማለትም ምክንያት አይጠፋም። ክሌር ቶሪ የተባለችው ይህች ዘፋኝ በጃንዩዋሪ 1973 ስቱዲዮ ተጠርታ ያን ዜማ ባንድ ምሽት ስታወጣ የተከፈላት 30 ፓውንድ ነበር። የዜማው ድርሰት የእርስዋም ነው በማለት በ2004 ክስ አቀረበች፤ በ2005 በስምምነት ካለቀ በኋላ ስምዋ ከሪቻርድ ራይት ስም ጋር በደራሲነት ይጻፍ ጀመር። ተማሪው ይህን ቢያውቅ ኖሮ ምናልባት ሌላ ድርሰት ይጽፍ ነበር።

መልመጃ

በምንባቡ ውስጥ «-ኝ» ተሳቢ ሆና የገባችባቸውን ግሶች አውጥታችሁ የእያንዳንዱን ባለቤት ተናገሩ። «ድምፁ ተሰማኝ» እና «ኀዘን ተሰማኝ» በሚሉት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለውን የትርጕም ልዩነት አስረዱ።

ከዚህ ቀጥሎ እናንተ ከመወለዳችሁ በፊት የወጣ አንድ ካሴት ወይም ሸክላ በሙሉ አዳምጡ። ከተቻለ በወጣበት ዘመን ከሰማው ሰው ጋር አብራችሁ ሁኑ፤ የት ላይ እንደሚተክዝ፣ የት ላይ እንደሚሥቅ አስተውሉ። የተሰማችሁን በአራት አንቀጽ ጻፉ። ያሰለቻችሁን ቦታ አትለፉት።