ስልካችን ቅኔ ቤት ይሆናልን?

ለዛሬ ያቀረብንላችሁ ትምህርት ሁላችንም በየዕለቱ የምንገለገልበትን ነገር የሚመለከት ነው። ይኸውም ግጥምና ወግን በፌስቡክና በቴሌግራም መጻፍ ነው።

በመጀመሪያ ጥቅሙን እንመልከት። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ አማርኛን በኮምፒዩተርና በስልክ መለዋወጥ እየቀለለ መጥቷል። ቀድሞ አንድ ወጣት ግጥሙ እንዲነበብለት የማተሚያ ቤት ወጪ ወይም የአዘጋጅ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ዛሬ ግን ጎንደር ሆኖ የጻፈውን ዋሽንግተን ያለ ወገኑ ወዲያው ያነበዋል። የጽሑፉ ማጠርም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ ሁለት ቤት ብቻ ሆኖ ሰምና ወርቁን ይይዛልና።

ታዲያ ችግሩ ምን ላይ ነው? በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ለብቻው ሆኖ ይቆጥራል፤ ከዚያም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል። በስልክ ግን ጭብጨባው ይቀድማል፤ እርማቱ ጨርሶ ላይመጣ ይችላል።

ይህንንም ከራሳችን ተምረናል። ስለ እናት የጻፍነውን ግጥም አንድ ማታ በቴሌግራም ለቀቅነው። እስኪነጋ ድረስ የልብ ምልክት ጎረፈልን። በሳምንቱ ለአንድ የቅኔ መምህር ብናነብላቸው፣ ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ «ልጄ፣ ይህች የማን እናት ናት?» አሉን። መልስ አጣን። ለካ የጻፍነው ስለ እናት እንጂ ስለ እናታችን አልነበረም! በክረምት ማለዳ ልብስ ስታጥብ የሚሰነጠቀውን እጇን አስገብተን እንደገና ጻፍነው። ሁለተኛውን ያነበቡት ጥቂቶች ናቸው። እናታችን ግን ስትሰማው «እጄን ታየው ነበር እንዴ?» አለችን።

እንግዲህ የሚከተሉትን እንያዝ፦

1ኛ/ የጻፍነውን ከመልቀቃችን በፊት አንድ ሌሊት እናሳድረው፤ ለሚያርመን ሰውም እናንብብለት።

2ኛ/ የሌላውን ድርሰት ስናስተላልፍ የደራሲውን ስም አንቁረጥ፤ ስም መቁረጥ የሰው ድካም መውሰድ ነውና።

3ኛ/ የደከምንበትን ሁሉ በደብተር ገልብጠን እናስቀምጥ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ገጽም ይዘጋል።

ለውይይት፦ ማንም የልብ ምልክት እንደማያደርግልን ብናውቅ ኖሮ፣ የመጨረሻውን ግጥማችንን እንጽፈው ነበርን?