ስለ ንብና ስለ ወፍ

ንብ በማለዳ ከቀፎዋ ወጥታ ከአበባ ወደ አበባ ትበርራለች። ጣፋጩን የአበባ ውኃ ትቀስማለች፤ የአበባውንም ዱቄት በኋላ እግሮችዋ ተሸክማ ትመለሳለች። ሠራተኛ ንብ በሥራ ወራት የምትኖረው 6 ሳምንት ያህል ብቻ ነው፤ በዚህም ዕድሜዋ የምታዘጋጀው ማር አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም።

ነገር ግን የንብ ጥቅም ማር ብቻ አይደለም። ዱባ ወንድ አበባና ሴት አበባ አለው። የወንዱ አበባ ዱቄት ወደ ሴቲቱ አበባ ካልደረሰ ፍሬው ሳያድግ ጠውልጎ ይወድቃል። አበባ እግር የለውምና ወደ ጎረቤቱ ሊሄድ አይችልም፤ በመካከላቸው የምትላከው ንብ ናት። ኑግም ንብ ካልጎበኘችው ፍሬው ይጎድላል።

ወፍም ጓሮን ትረዳለች። እህል ለቃሚዎች ከሆኑት ወፎች እንኳ ብዙዎቹ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት ትል እየለቀሙ ነው። ቀጭንና ቆልማማ ምንቃር ያላትም ትንሽ ወፍ የሬትን አበባ ስትመጥ ዱቄቱን በላባዋ ይዛ ወደ ሌላው ታደርሳለች።

በመስከረም አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብሰው ንብ ትጠግባለች፤ በጥቅምትና በኅዳርም ማር ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ግን ሣሩ ይደርቃል፤ አበባው ይረግፋል፤ ምንጩም ያንሳል። ስስታም ሰው ማሩን አሟጦ የቆረጠ እንደ ሆነ ንቦቹ ይራባሉ፤ ቀፎውንም ጥለው ይሰደዳሉ። እርሱም በሚመጣው ዓመት ማር ሊቆርጥ ሄዶ ባዶ ቀፎ ያገኛል። አስተዋይ ሰው ግን ከማሩ ከፍሎ ለደከሙበት ይተውላቸዋል። በረኃብ ወራትም በሶ ወይም ሽሮ ከቀፎው አጠገብ ያኖርላቸዋል፤ በስኳር የጣፈጠ ውኃም ይሰጣቸዋል።

ቀፎ የሌለው ልጅም ንብንና ወፍን ሊረዳ ይችላል። በደጁ ጦስኝና በሶብላ፥ በአጥሩም ሥር በበጋ የሚያብበውን ግራዋ ይትከል። በዝርግ ሣህን ውኃ ያኑር፤ ንቦቹም እንዳይሰጥሙ ጠጠር ይጨምርበት፤ ውኃውንም በየቀኑ ይለውጥ። ወፍን በወንጭፍ አይምታ፤ ጎጆዋንም አያፍርስ።

ሲወስድ መስጠትን የሚያስብ ሰው ነገም የሚወስደውን አያጣም።

ጥያቄ።
1. የዱባ አበባ ንብን የሚፈልገው ስለ ምንድር ነው?
2. ንቦች ቀፎአቸውን ጥለው የሚሰደዱት መቼ ነው?
3. ከአስተዋዩና ከስስታሙ ሰው በሚመጣው ዓመት ማር የሚያገኘው ማን ነው? ስለ ምን?